ማን ተረጎመው? ስለ ፖላንድ የሳይንስ ልብወለድ ለወጣ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። ከላዩ «ያንተ ሰውዬ ተነክቷል» ብሎበታል። የኔ ሰውዬ የሚለው ስታኒስዋቭ ሌምን ነው፤ ፖላንዳዊውን የሳይንስ ልብወለድ ጸሐፊ። ሻዬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እኔ ጋልኩ።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፤ ይህን አልክድም። የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። የፖላንድን የሳይንስ ልብወለድ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ራሱን ያታልላል፤ የሚያነበው ደራሲውን ሳይሆን ተርጓሚውን ነው። ለዚህ «ሶላሪስ» ምስክር ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ነውና። የሌም ቀልድ ደግሞ በቃላት ጨዋታ ላይ ስለቆመ ጭራሽ አይተረጎምም። መተረጎም የሚችለው ክፍል ሰው የሌለበት፣ እንደ ብረት የቀዘቀዘ ነው። ነገሩም ፖለቲካን በሮኬት ጠቅልሎ ከሳንሱር የማሳለፍ ዘዴ ነበር፤ ኮሚኒዝም ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ከሌም ሌላ የሚጠራ ስም የለም። ለእሱም ቢሆን ፊልሙን ማየት ይበቃል።

ተራ በተራ ልሂድባቸው። አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ግን መቀመጥ አለብኝ።

ስለ «ሶላሪስ» የተባለው እውነት ነው። እንዲያውም ጸሐፊው ካሉት የባሰ ነው። ሌም መጽሐፉን በፖላንድኛ ያወጣው በ1961 ነው (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ዣን ሚሼል ያሲየንኮ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው። ከዚያ ጆአና ኪልማርቲንና ስቲቭ ኮክስ ፈረንሳይኛውን ይዘው እንግሊዝኛ አደረጉት፤ በ1970 ታተመ። ሌም ደግሞ እንግሊዝኛ ያነብ ነበር። የወጣውን አይቶ አልተደሰተም።

እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት ያንኑ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ቅጂ ገዛሁ። ታሪኩ ይዞኝ ጠፋ። ኬልቪን የሚባል ሳይንቲስት በአንዲት ሩቅ ፕላኔት ላይ ወዳለ የምርምር ጣቢያ ይሄዳል። ከዓመታት በፊት ራሷን ያጠፋች ሚስቱ አንድ ጠዋት አጠገቡ ተቀምጣ ያገኛታል። ስሟ ሬያ ነው። እዚያ የሚያገኘው ሌላ ሳይንቲስት ስኖው ይባላል። ከስንት ጊዜ በኋላ ቢል ጆንስተን ከፖላንድኛ በቀጥታ የተረጎመውን በድምጽ አዳመጥኩ። ያቺው ሴት መጣች፤ ስሟ ግን ሃሬይ ሆነ። ስኖውም ስናውት ሆነ። ለካ ፖላንድኛው ውስጥ ሬያ የምትባል ሴት የለችም! የእንግሊዝኛው ተርጓሚዎች የስሟን ፊደላት አገላብጠው ያወጡላት ስም ነው። ከሠርግ በኋላ «የሚስትህ ስም እኮ ሌላ ነው» የተባልኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ከስሙ በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ። ፕላኔቷ ሶላሪስ በአንድ ግዙፍ ውቅያኖስ የተሸፈነች ናት፤ ውቅያኖሱ ሕይወት ያለው ነው፤ ምናልባትም ያስባል። ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ አጥንተውት አልገባቸውም። ያልገባቸውን ግን ስም በስም አድርገውታል። ከላዩ ላይ እየተነሡ ለሚፈርሱት ቅርጾች ሁሉ ስም አውጥተዋል። ሌም ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹን የሠራው ከተራው ፖላንድኛ ነው። አንዱ ዱዉጎኒየ ይባላል። ዱዉጊ ማለት ረጅም ነው፤ የቃሉ ጭራ ደግሞ ፈረሶችን ወይም ዝሆኖችን ያስታውሳል። ሌላው ሺብኮኒየ ነው፤ ሺብኪ ማለት ፈጣን ነው። የልጆች ተረት ውስጥ ያሉ አውሬዎች ነው የሚመስሉት። ሽበታም ፕሮፌሰሮች ይህን ስም እየጠሩ ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ ሲጽፉ አስቡት። ቀልዱ እዚያ ላይ ነው። በ1970ው ትርጉም የመጀመሪያው «ኤክስቴንሰር»፣ ሁለተኛው «አጂለስ» ሆነዋል። ላቲን ደረቡላቸው። ተረቱ ሄዶ መማሪያ መጽሐፍ ቀረ።

እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የምለየው ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ ትርጉም ከንቱ ነው» ሲሉ ነው። የ1970ው ምን እንደጎደለው እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነበው ሰው ያወቀው በምንድን ነው? በሌላ ትርጉም! ጆንስተን በ2011 ሥራውን ሲያወጣ። ያ ትርጉም መጀመሪያ በድምጽ፣ ቀጥሎ በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ወጥቶ በመብት ጉዳይ ለዓመታት በወረቀት ሳይታተም ቆይቷል። ይህ ያናድዳል፤ ግን የጠበቆች ነገር ነው፣ የቋንቋ አይደለም። «የማይበገረው» የሚለው የሌም መጽሐፍም እንዲሁ ሆኗል። በ1973 ዌንዴይን አከርማን ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ አዞረችው። ያው ጆንስተን ከፖላንድኛ በቀጥታ ተረጎመው፤ በ2020 የኤምአይቲ ማተሚያ ቤት አወጣው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው «ትርጉም» የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ ይገባዋል። ይሄኛው ትርጉምና ያኛው ትርጉም ነው ያለው።

ዞሮ መምጣት በራሱ ኃጢአት ነው የሚለውንም አልቀበልም። እኛ ይህን ለመናገር የመጨረሻዎቹ ሰዎች ነን። «በረላም ወይዋስፍ»ን አባ እንባቆም በ1553 ወደ ግዕዝ የመለሱት ከዐረብኛ ነው። ታሪኩ ከህንድ የተነሣ የቡድሃ ታሪክ ነው። በፋርስ ምድር አለፈ፣ ዐረብኛ ሆነ፣ በጆርጂያኛና በግሪክኛ የክርስቲያን መነኩሴ ቆብ ደፋ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ልዑሉ ቡድሃ መሆኑን የሚጠረጥር አልነበረም። አባቶች ግን አነበቡት፣ ወደዱት፣ ገለበጡት። መንገዱ ስለረዘመ ብቻ አልሞተም። «ሶላሪስ»ንም ቢሆን ያ የዞረው ትርጉም አልገደለውም። እኔን ራሴን ሽፋን በሌለው ቅጂ የያዘኝ እሱ ነዋ።

«የምታነቡት ተርጓሚውን ነው» የሚለው ክስ አንድ የቆየ ወሬ አስታወሰኝ። በ1974 አሜሪካዊው የሳይንስ ልብወለድ ጸሐፊ ፊሊፕ ኬ. ዲክ ለኤፍቢአይ ደብዳቤ ጻፈ። ሌም አንድ ሰው ሳይሆን ኮሚቴ ሳይሆን አይቀርም አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ የአጻጻፉ ስልት መለያየቱ ነው። ዲክ በዚያ ሰሞን ደህና አልነበረም፤ ጥርጣሬው ብዙ ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር፣ እንግሊዝኛውን ብቻ ለሚያይ ሰው ነገሩ ያን ያህል እብደት አይደለም። አንዱ መጽሐፍ በሁለት ሰዎች ከፈረንሳይኛ፣ ሌላው በአንዲት ሴት ከጀርመንኛ፣ ሦስተኛው ማይክል ካንደል በሚባል ወጣት በቀጥታ ከፖላንድኛ። በእንግሊዝኛ ሌም በርግጥም ኮሚቴ ነበር! ክራኮቭ ላይ ቁጭ ብሎ የሚተይበው ግን አንድ ሰው ነው። የሚገርመው፣ ሌም ዲክን ከአሜሪካ የሳይንስ ልብወለድ ጸሐፊዎች ሁሉ አስበልጦ ነበር የሚያየው። በ1975 በእንግሊዝኛ በወጣ መጣጥፉ «በአጭበርባሪዎች መካከል ያለ ባለራእይ» ብሎታል።

አሁን መቀመጥ ወደምፈልግበት ቦታ ደረስኩ። ጸሐፊው «የቃላት ጨዋታ አይተረጎምም» ይላሉ። አንድም ምሳሌ አልሰጡም። እኔ ልስጥ።

«ሳይበሪያድ» የ1965 መጽሐፍ ነው። ትሩርልና ክላፓውሲየስ የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች አሉ፤ ራሳቸውም ሮቦቶች ናቸው። ወዳጆች ናቸው፤ ግን ይቀናናሉ። ትሩርል አንድ ቀን በ«ኤን» ፊደል የሚጀምር ነገር ሁሉ የሚሠራ ማሽን ይሠራል። በፖላንድኛው ለሙከራ መጀመሪያ የሚያዘው ክር ነው፤ «ኒቺ» ይሉታል። ቀጥሎ ሲሰፉ ጣት ላይ የሚጠለቀውን ቆብ። ካንደል በ1974 ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ችግር ገጠመው። ክር በእንግሊዝኛ በኤን አይጀምርም። ምን አደረገ? ማሽኑን መርፌ አሠራው። ክሩ ቀረ፣ መርፌው መጣ፤ ስፌቱ ግን ቀጠለ።

ከዚያ ትሩርል «ናትሪየም» ሥራ ይለዋል፤ ሶዲየም ማለቱ ነው፣ በላቲን ስሙ። ማሽኑ አላውቀውም ይላል። ሶዲየም በኤን አይጀምርማ! በላቲን እኮ ይጀምራል ሲለው የሚመልሰው መልስ ግሩም ነው። በየቋንቋው በኤን የሚጀምረውን ሁሉ መሥራት ብችል ኖሮ በፊደላት ሁሉ የሚሠራ ማሽን በሆንኩ ነበር ይላል፤ የትኛውም ነገር በአንዱ አገር ቋንቋ በኤን መጀመሩ አይቀርምና። እስቲ ልብ በሉ፤ ይህ ቀልድ ራሱ ስለ ትርጉም ነው። ሌም የተርጓሚዎቹን መከራ አስቀድሞ ገጹ ላይ አስቀምጦላቸዋል።

በመጨረሻ ክላፓውሲየስ፣ ቅናት ያቃጠለው፣ ማሽኑን «ምንም ሥራ» ይለዋል። በፖላንድኛ «ኒትስ»፣ በእንግሊዝኛ «ናሲንግ»፤ ሁለቱም በኤን። እዚህ ላይ ካንደል ዕድለኛ ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ዝም ያለ ይመስላል። ከዚያ ነው ዓለምን አንድ በአንድ ማጥፋት የሚጀምረው። ሁሉን ማጥፋት ማለት ነዋ ምንምን መሥራት! ክላፓውሲየስ በድንጋጤ አቁም ይለዋል። ማሽኑ ያቆማል፤ ግን መመለስ የሚችለው በኤን የሚጀምሩትን ብቻ ነው። ሰማዩ ዛሬ በቀዳዳ የተሞላው፣ በኮከቦች መካከል ያን ያህል ጨለማ ያለው ለዚህ ነው።

ከጠፉት ነገሮች ውስጥ ጭራሽ የማናውቃቸው አሉ። ጠፍተዋላ! ስማቸውን ሌም ራሱ ነው የፈጠረው፤ በፖላንድኛ ድምጻቸው ብቻ ያስቃል። ካንደል እነዚህን ስሞች አልገለበጠም። የራሱን ፈጠረ። አንዱን «ዚትስ» አለው። በአሜሪካ የሰፈር ቋንቋ ዚት ማለት ብጉር ነው። ስለዚህ ክላፓውሲየስ «የዋሆቹ ዚትሶቼ የት ሄዱ?» እያለ ሲያለቅስ አሜሪካዊው አንባቢ በሳቅ ይወድቃል፤ ወዲያው ደግሞ አንድ የሚያምር ነገር ከዓለም እንደጠፋ ይሰማዋል። ሳቅና ኀዘን በአንድ ቃል። አይተረጎምም የተባለው ይኸው ነው።

ግን ከሁሉ የሚበልጠው የገጣሚው ማሽን ታሪክ ነው። ትሩርል ግጥም የሚገጥም ማሽን ሠራ። ክላፓውሲየስ ሊያዋርደው ፈልጎ የማይቻል ነገር ያዘዋል። በፖላንድኛው ትእዛዙ ፍቅርና ክህደት ያለበት፣ ቤት የሚመታ፣ እያንዳንዱ ቃል በ«ሲ» ፊደል የሚጀምር ግጥም ነው። ማሽኑም ወዲያው ያወርደዋል። ሲፕሪያን የሚባል አንድ ነገረኛ የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሆነችን ጥቁር ልዕልት በዜማ መሣሪያ ሲያማልል ይከርምና፣ በመጨረሻ እሷን ጥሎ አክስት ይስማል። ሁሉም ቃል በ«ሲ»።

ይህን መዝገበ ቃላት ይዞ የሚተረጉም ሰው ምን ያገኛል? አንድ ሰው አክስት ሳመ የሚል ወሬ። ፊደሉ የለም፣ ፈተናው የለም፣ ማሽኑ ምን እንዳሸነፈ አይታወቅም። ካንደል ሁሉንም ጣለው። በእንግሊዝኛው ክላፓውሲየስ የሚያዘው ስለ ፀጉር መቆረጥ የሚናገር ግጥም ነው። ግን ከፍ ያለ፣ አሳዛኝ፣ ፍቅርና ክህደት፣ በቀልም ያለበት፤ ስድስት መስመር፤ እያንዳንዱ ቃል በ«ኤስ» የሚጀምር። ስለ ፀጉር መቆረጥ እንዲህ ያለ ግጥም ከየት ይመጣል? አንድ ደቂቃ አስቡት... ሶምሶን! ካንደል ሶምሶንን አመጣው። ደሊላ መቀሱን አነሣች፣ ሰውየው ታሰረ፣ ዓይኑ ጠፋ፣ ቤቱን በራሱና በጠላቶቹ ላይ ለመጣል እያደባ ነው። ስድስቱ መስመር ውስጥ ሁሉም አለ። አንዲትም ቃል ከኤስ አልወጣችም።

ጸሐፊው «ይሄማ ትርጉም ሳይሆን አዲስ ድርሰት ነው» ይሉኝ ይሆናል። እሺ፤ ግን ቅኔ በሚቆጠርበት አገር ያደገ ሰው ይህን ማለት የለበትም። የአንድን ቅኔ ሰሙን ብቻ ገልብጦ ሌላ ቋንቋ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ታማኝ ነው እንላለን? ወርቁ የት ሄደ? የሌም ወርቅ አክስቲቱ አይደለችም። ወርቁ የማይቻለውን ማዘዝና ማሽኑ ሳይጨነቅ መቻሉ ነው። ካንደል እሱን አሻገረ። ሌምም ይህን ያውቅ ነበር፤ ካንደልን ያደንቀዋል። ከ1972 እስከ 1987 ሲጻጻፉ ኖረዋል። ሌም የጻፈለት ደብዳቤ በ2013 ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሆኖ ፖላንድ ውስጥ ታትሟል። ለተርጓሚው አንድ መጽሐፍ የሚሞላ ደብዳቤ የጻፈ ደራሲ ስንት አለ?

ከእነዚያ ደብዳቤዎች አንዱ «ሰው የሌለበት ቀዝቃዛ ጽሑፍ» ለሚለው ክስም መልስ አለው።

«የጌታው ድምጽ» የ1968 መጽሐፍ ነው። ከኅዋ የመጣ ምልክት ተገኝቷል፤ ሳይንቲስቶች ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ታጉረው ሊፈቱት ይሞክራሉ። ብዙው ክርክር ነው፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ፍልስፍና። አዎ፣ እዚህ ላይ የሚያዛጋ ሰው አይፈረድበትም። መሐሉ ላይ ግን ራፓፖርት የሚባለው ሳይንቲስት ለጓደኛው ስለ ጦርነቱ ጊዜ ያወራል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሰዎች እየተመረጡ ግድግዳ ሥር ይረሸናሉ። ተራውን እየጠበቀ ነው። አንድ ወጣት በመጨረሻዋ ደቂቃ ወደ ጀርመኖቹ እየሮጠ «እኔ አይሁዳዊ አይደለሁም» ብሎ ይጮኻል። የጮኸው ግን በይዲሽ ነው፤ በአይሁዶቹ ቋንቋ። ጀርመንኛ ሳያውቅ ቀርቶ ይሆናል።

ሌም ይህን ሁሉ የሚያወራው ድምጹን ከፍ ሳያደርግ ነው። ለካንደል በጻፈው ደብዳቤ ግን ራፓፖርት ላይ የደረሰው በራሱ ላይ የደረሰ መሆኑን ገልጧል። ሌም በ1921 ሉቮቭ ውስጥ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው የተወለደው፤ ከተማዋ ዛሬ የዩክሬን ሊቪቭ ናት። አባቱ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም ነበሩ። ጀርመኖች ከተማዋን ሲይዙ በሐሰት ወረቀት፣ ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት እየሠራ ተረፈ። በአደባባይ ስለዚህ ብዙ አያወራም ነበር። ለፖላንድ አንባቢ በልብወለድ ሸፈነው፤ እውነቱን በደብዳቤ ለአሜሪካዊ ተርጓሚው ነገረው። ጸሐፊው ቅዝቃዜ ያሉት ነገር ለእኔ ሌላ ነው። ጮኾ መናገር የማይችል ሰው ዝም ብሎ ሲናገር ነው።

አንድ ነገር ግን ልመንላቸው። የሌም መጽሐፎች ውስጥ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ሃሬይን ካነሣን በኋላ ሁለተኛ ስም ለመጥራት ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ ተርጓሚ የሚያድነው ጉድለት አይደለም።

ወደ ፖለቲካው። ሳንሱሩ እውነት ነው። ሌም በ1948 ጽፎ የጨረሰው የመጀመሪያ ቁም ነገረኛ ልብወለዱ፣ የሳይንስ ልብወለድ እንኳ ያልሆነው፣ የወጣው በ1955 ነው። ግን አሁን ያነሣሁትን መጽሐፍ ተመልከቱ። ታሪኩ ኔቫዳ ነው፤ አለቆቹ የአሜሪካ ጦር ሰዎች ናቸው፤ ፍርሃቱ ከሰማይ የመጣውን ምልክት ወደ ቦምብ መለወጥ ይቻላል የሚለው ነው። ይህ ዋርሶ ላይ ኮሚኒዝም ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ ነገር ነው? «አረጀ» ለሚለውም ያህል፣ በ1961 በወጣ ሌላ መጽሐፉ ከኅዋ የተመለሰው ጀግና መጽሐፍ ቤት ገብቶ መጽሐፍ ያጣል። በወረቀት ፈንታ በአንድ ገጽ ላይ ጽሑፍ እየቀያየረ የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ ጮክ ብሎ የሚያነብም አለ። እኔ «ሶላሪስ»ን በስልኬ ሳዳምጥ ይሄ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ስቄያለሁ። ሮኬቶቹ ውስጥ የቴፕ ክር መሽከርከሩን ግን አልደብቅም።

በፖለቲካ ከሆነ ሊነሣ የሚገባው ያኑሽ ዛይደል ነበር። ጸሐፊው «ከሌም ሌላ ማንም የለም» ስላሉ ስሙን አላነሡትም። ዛይደል የኒውክሌር ፊዚክስ ሰው ነው፤ በ1985 አረፈ፤ የፖላንድ የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች በየዓመቱ የሚሰጡት ሽልማት በስሙ ይጠራል። በ1984 ያወጣው «ፓራዲዝያ» በኅዋ ላይ ስላለ ሰፈር ነው። ሁሉም ሰው ይታያል፣ ይደመጣል። የሚያዳምጠው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ታዲያ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ኮአላንግ የሚሉት አነጋገር ፈጠሩ። ቃሉ ሌላ፣ የሚወሰደው ሌላ። በዘይቤ፣ በጠቆም፣ በግማሽ ግጥም ይነጋገራሉ። ማሽኑ ቃሉን ይሰማል፤ ፍቺው ያመልጠዋል።

ይህን ሳነብ ምን እንዳልኩ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ዛይደል ኅዋ ላይ ያስቀመጠውን እኛ ድግስ ላይ እናውቀዋለን። የሚያሳዝነው ዛይደል በእንግሊዝኛ የራሱን ካንደል አላገኘም። የየርዚ ዡዋፍስኪም ነገር እንዲሁ ነው። ስለ ጨረቃ የጻፋቸው ሦስት ልብወለዶች የመጀመሪያው መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1903 ነው፤ ሌም ከመወለዱ በፊት። ሙሉው ሦስቱ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2020 ነው። መቶ አሥራ ሰባት ዓመት! ስለዚህ ጸሐፊው «ማንም የለም» ያሉት የፖላንድን መደርደሪያ አይተው አይመስለኝም። የእንግሊዝኛውን መደርደሪያ አይተው ነው። ትርጉም አይረባም እያሉ፣ የተተረጎመውን ብቻ ቆጥረው የአንድ አገር ሥነ ጽሑፍ ባዶ ነው አሉ።

ፊልሙ ይበቃል ለተባለው ብዙ አልናገርም። የሶቪየቱ ዳይሬክተር ታርኮቭስኪ ከ«ሶላሪስ» የሠራው የ1972 ፊልም ትልቅ ሥራ ነው። ግን ምድር ላይ፣ በቤትና በኩሬ፣ በአባትና በልጅ ይጀምራል። መጽሐፉ የሚጀምረው ሰውየው ወደ ፕላኔቷ ሲወረወር ነው። ሌም አልወደደውም፤ የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ነው የሠራው ይል ነበር። የሆሊዉዱ በ2002 ሲመጣ ደግሞ የመጽሐፌ ስም «ሶላሪስ» ነው እንጂ «ፍቅር በኅዋ» አይደለም አለ።

ጽሑፉን አንብቤ ስጨርስ ያደረግኩትን ልናገር። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የኤን ማሽኑን ታሪክ ወደ አማርኛ ለማምጣት ሞከርኩ። ለራሴ ነው፤ ለማሳተም አይደለም። መጀመሪያ የታየኝ ነገር አስደሰተኝ። በእኛ ቋንቋ «ምንም» በመ ዘር ይጀምራል። ስለዚህ ማሽኑ የመ ማሽን ይሆናል። መርፌ ይሠራል፤ ካንደል የደከመበት መርፌ ለኔ በነጻ መጣ! መቀስ፣ ሙቀጫ፣ ምጣድ፣ መሶብ፣ ሞፈር። ናትሪየም ግን በመ አይጀምርም። ያንን ቀልድ ልጥለው ነው ብዬ ተጨነቅኩ። ከዚያ ትሩርልን «ውኃ ሥራ» አስባልኩት። ማሽኑ «ውኃ በመ አይጀምርም» አለ። «በግዕዝ ማይ ነው እኮ!» ማሽኑም «በግዕዝ አልሠራም» ብሎ ኮራ። እዚህ ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ልቤ ሞላና ወደ ሶምሶን አለፍኩ። ሁሉም ቃል በሰ። እስካሁን ያለኝ ይኸው ነው፦

ሶምሶን ሰክኖ ሲያንኮራፋ፣
ሴቲቱ ስለት ሰንዝራ ሰባቱን ሰበሰበች፤

ቤት አይመታም፤ አውቃለሁ። ሰባቱ ሹሩባው ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ «ሥቃይ» የሚል ቃል አስፈለገኝ። ትክክለኛው አጻጻፍ በንጉሡ ሠ ነው፤ እኔ የያዝኩት ግን እሳቱን ሰ ነው። ማሽኑ ይቀበለኛል? ናትሪየምን አልቀበልም ያለ ማሽን፣ ማይን አልቀበልም ያለ ማሽን... እሱን እያሰብኩ ነጋብኝ።